የሱቅ ሕንጻና የምድር መናወጥ

አዳማ፣ ሞጆ፣ መተሐራ፣ ባቱና ሻሸመኔ ንግዳቸውን የሚያካሂዱት በስምጥ ሸለቆ ውስጥና በዳርቻው ላይ ነው። የዚህም ሸለቆ ምድር ዕረፍት የሌለው እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በነሐሴ ወር 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ብርቱ መናወጥ ደርሶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድሪቱ ለወራት ስትናወጥ ቆይታ፣ የካቲት 7 ቀን ምሽት የመናወጡ መጠን በመለኪያ 6.0 ደርሷል። ስለዚህ ሕንጻ የሚያሠራም ሆነ የሚከራይ ነጋዴ ጉዳዩን ሊያውቀው ይገባል።

በከተሞቻችን የሚሠሩት ፎቆች አብዛኛዎቹ የአርማታ፣ አንዳንዶቹም የብረት ዓምድና አግዳሚ ያላቸው ሲሆኑ፣ በዓምዶቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በብሎኬት ይሞላል። ብዙ ሰው ይህ ግድግዳ ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ይመስለዋል። ነገር ግን ሕንጻው ወደ ጎን በተገፋ ጊዜ ግድግዳው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እንደ ድጋፍ ሆኖ ዓምዶቹ እንዳይዘሙ ይይዛል። በነሐሴ ወር 1915 ዓ.ም. ቶክዮ በተናወጠች ጊዜ፣ መሐንዲሱ ናይቶ ታቹ በብረት ዓምድና በአርማታ ግድግዳ እንዲጸና ያደረገው የጃፓን ኢንዱስትሪ ባንክ ሕንጻ ያለ ብርቱ ጉዳት መቆሙ ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ያ ግድግዳ ከብረቱ ጋራ በአንድነት የተያያዘ ነበር እንጂ እንዲያው በመካከል የተደረደረ አልነበረም። ያልታሰረ ብሎኬት ተሰንጥቆ ወደ መንገድ ሊወድቅ ይችላል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲከፈት ነው። ላይኛዎቹ ፎቆች በግድግዳ ጠንክረው ሳሉ ታችኛው በመስታወት ብቻ ቢዘጋ፣ ሕንጻው የሚወዛወዘው በታች ባሉት ዓምዶች ላይ ይሆናል፤ እነርሱም ከተሰበሩ ፎቁ በሙሉ በሱቁ ላይ ይወርዳል። እንደዚሁም በመንገድ ማዕዘን ላይ ያለ ሕንጻ በሁለት ወገን ተዘግቶ በሁለት ወገን ክፍት ከሆነ ይጠመዘዛል።

ስለዚህ ባለንብረቱ ሦስት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ ሱቅ ለማስፋት ሲል መሐንዲስ ሳይጠይቅ ግድግዳ አያፍርስ። ሁለተኛ፣ በአዲስ ሕንጻ ከመሠረት እስከ ጣራ ሳይቋረጡ የሚወጡ የአርማታ ግድግዳዎች በሁለቱም አቅጣጫ እንዲኖሩ ያድርግ። ሦስተኛ፣ በዓምዶቹ ጫፍና ጫፍ ስታፋው ተቀራርቦ መታሰሩን አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ያስመርምር፤ ከፈሰሰ በኋላ ጉድለቱ ከዓይን ይሰወራልና። ለዚህ የሚጨመረው ወጪ የሚከብድ ቢመስልም፣ የፈረሰ ሕንጻ ኪራይ አያስገኝም፤ በውስጡ የዋሉትም ሰዎች በገንዘብ አይተኩም።