ዶላር ሲወደድ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ እንዴት ይዳረስ? የሐዋሳ ጉዳይ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብዙዎቻችን ያሰብነው ስለ ዘይት፣ ስለ ነዳጅና ስለ መድኃኒት ነበር። መጽሐፍም ከውጭ የሚገባ ዕቃ መሆኑ ትዝ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። 100 ዶላር የሚያወጣ አንድ የሕክምና መማሪያ ቀድሞ 5,700 ብር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ የማጓጓዣው ሳይቆጠር ከ13,000 ብር በላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ በጀት የሚመደበው በብር፣ መጽሐፉና ጆርናሉ የሚሸጠው በዶላር ነው። ልጁን ሐዋሳ ልኮ የሚያስተምር ወላጅም ሆነ እዚያው የሚማር አንባቢ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካዋል።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሲባል አንድ ግቢ ብቻ የሚመስለው አለ። ዋናው ግቢ፣ የግብርና ኮሌጁ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱና ተማሪው "ሪፈራል" የሚለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከተማው ውስጥ ናቸው። ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም አጠገብ ያለው አዋዳና በንሳ ዳዬ ግን ከከተማ ውጭ ናቸው። ይህ መበታተን ከታሪኩ የመጣ ነው። የሐዋሳ ግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1976፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ በ1978፣ የዲላው የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ደግሞ በ1996 ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሦስቱ ተዋህደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በ2006 ዲላ ራሱን ችሎ ሲወጣ የቀረው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስለዚህ ሐዋሳና ዲላ ዛሬ "እንተባበር" ቢባባሉ ለስድስት ዓመት የአንድ ቤት ልጆች የነበሩ ተቋማት ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድም 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሰዎች "የጋራ አጠቃቀም" ሲሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠሩ ነው። አንደኛው ማን ምን እንዳለው ማወቅ ነው፤ ይኸውም የጋራ ካታሎግ። ሌላው መጽሐፉ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው መሄድ መቻሉ ሲሆን፣ ሦስተኛው አብሮ መግዛት ነው። ርካሹ የመጀመሪያው ነው። ያለ እሱ ደግሞ ሌሎቹ አይሠሩም። ወንዶ ገነት ስለ ደን የሚናገር አንድ አሮጌ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቢኖር፣ የዳዬ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ፈልጎ ካላገኘው ለእሱ የለም ማለት ነው። የገዢው ክፍልም ያንኑ መጽሐፍ ሁለተኛ ሊገዛው ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው "ኮሃ" የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒውዚላንድ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ቃሉ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የሚያስወጣው ወጪ ሌላ ቦታ ነው፤ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ በአንድ ዓይነት ደንብ የሚመዘግብ ሠልጣኝ ሠራተኛና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። አንዱ ግቢ "መሐመድ"፣ ሌላው "ሙሐመድ" ብሎ ከመዘገበ ፈላጊው የአንዱን ሰው ሥራ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ያገኘዋል።

ሁለተኛው፣ የማዋሱ ጉዳይ፣ ከቴክኖሎጂ ይልቅ በንብረት ሕግ የሚፈተን ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መጽሐፍ እንደ ወንበር ንብረት ነው። በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ በሠራተኛው ስም የተያዘው ሲጎድል የሚጠየቀውም ያው ሠራተኛ ነው። ታዲያ አንድ ኮፒ ብቻ ያለውን መጽሐፍ ወደ ዲላ ወይም ወደ ወላይታ ሶዶ ልኮ እንቅልፍ የሚተኛ ማን ነው? "ከዚህ ውጭ አይወጣም" የሚለው መልስ ከንፉግነት ሳይሆን ከፍርሃት የሚመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ፎቶ መነሳቱ ብቻውን ምንም አያመጣም። በውሰት ላይ እያለ የጠፋ መጽሐፍ ኪሳራ የተቋማቱ እንጂ የግለሰቡ እንዳይሆን አስቀድሞ በጽሑፍ መደንገግ አለበት። የክልል ወሰን እንቅፋት አይሆንም፤ ሲዳማ ክልል ያለው ሐዋሳም ሆነ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ያለው ዲላ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

ይህ ፍርሃት ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ መፍትሔውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1229 ያረፈው የመልክዓ ምድር ሊቅ ያቁት አል-ሐመዊ፣ ሞንጎሎች ከመምጣታቸው በፊት መርው በተባለችው ከተማ ስላያቸው አሥር የወቅፍ ቤተ መጻሕፍት ጽፏል። ከእነዚህ ቤቶች እየተዋሰ 200 ያህል ጥራዞች ከመኖሪያው አይጠፉም ነበር፤ ለአብዛኛዎቹም መያዣ አልተጠየቀም። ከዚያ የሰበሰበውን ዕውቀት ለትልቁ የሀገሮች መዝገቡ ተጠቅሞበታል። ወቅፉ ለመጽሐፍ መግዣ ብቻ ሳይሆን ለጠባቂውና ለጥገናውም የሚሆን ቋሚ ገቢ ማስገኘት የሚችል ሥርዓት ነበር። የዛሬው የእርዳታ መጽሐፍ የሚጎድለው ይህ ነው። መጽሐፉ ይመጣል፤ የሚመዘግበውና የሚጠግነው ሰው ደመወዝ ግን አብሮት አይመጣም።

አብሮ መግዛት በዋናነት የኤሌክትሮኒክ ጆርናል ጉዳይ ነው። ሐዋሳ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ስለሆነ ፍላጎቱ ከብዙዎቹ ይበልጣል። አሳታሚዎች ጆርናሎቻቸውን በጥቅል ይሸጣሉ፤ አንዱን ፈልገህ መቶውን ትገዛለህ። ክፍያው በየዓመቱ ነው፤ በቆመ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ንባቡም ይቆማል። መደርደሪያ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ሀብታሞቹም አልቻሉትም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ከትልቁ አሳታሚ ከኤልሰቪየር ጋር ውሉን አቋርጦ የተመለሰው በ2021 በአዲስ ስምምነት ነው። ሊደራደር የቻለው አሥር ካምፓሶቹ በአንድ አፍ ስለተናገሩ ነበር። በእኛም ሀገር የዩኒቨርሲቲና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ጥምረት አለ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ከሚከፍል ይልቅ ድርድሩን ለጥምረቱ መስጠት የሚያዋጣ ነው።

እስከዚያው ያለ ክፍያ የተከፈተ በር አለ። "ሪሰርች ፎር ላይፍ" በሚባለው ፕሮግራም ሥር ለጤና "ሂናሪ" ከ2002፣ ለግብርና "አጎራ" ከ2003 ጀምሮ አሉ። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት ሀገሮች ምድብ ናት። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው በተቋም በኩል ስለሆነ፣ ተመራቂ ተማሪ የጥናት ጽሑፉን ከመጀመሩ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዶ ቢጠይቅ ብዙ ይቆጥባል። የቴሌግራም ፒዲኤፍ ክፍተቱን እንደሚሞላ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን የትኛው እትም እንደሆነ የማይታወቅ፣ ገጹ የጎደለ ፋይል ለመድኃኒት መጠን ወይም ለሕንፃ ስሌት አይታመንም።

አንድ ሳይታይ የሚቀር ጉዳይ ልጨምር፤ የመጨረሻዋ ኮፒ። ቦታ ሲጠብ አሮጌ መጽሐፍ ይወገዳል። እያንዳንዱ ግቢ "ሌላው ቦታ ይኖራል" ብሎ ካስወገደ አንድ ቀን የትም አይኖርም። አሜሪካ ውስጥ አሥር ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ቺካጎ ላይ የጋራ ማከማቻ ያቆሙት ብዙም የማይነበበውን በአንድ ቦታ አኑረው ሁሉም እንዲጠቀምበት ነው። ለሐዋሳና ለአካባቢው ይህ ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚሁ ለተጻፈው ነው፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ እንሰት፣ ስለ ሲዳማ ቡና የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ከውጭ በዶላር አይገዙም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በነጻ እንዲነበብ ይጠይቃል። ይህን ለመፈጸም የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ክሊራንስ የሚያስጨርስ ተማሪ የጠረዘውን ኮፒ ሲያስረክብ ፋይሉንም አብሮ እንዲያስገባ ማድረግ፣ ፋይሉን ተቀብሎ የሚጭነውን ሠራተኛም መመደብ ይበቃል።