የሥራ ቃለ መጠይቅ፦ ተረቱና እውነታው

ስልክ ተደውሎ «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ለኢንተርቪው ይምጡ» ሲባል ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ጎረቤቱም፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውም፣ የቴሌግራም ቻናሉም የሚለው አያጣም። አብዛኛው ስለ አለባበስና ስለ ድፍረት ነው፤ ስለ ሥራው የሚያነሳ ጥቂት ነው። ከሚዘወተሩት አራቱን እንያቸው።

ተረት፦ «ሰው ቀድሞ ተይዟል፤ ቃለ መጠይቁ ለወግ ነው።»

እውነታ፦ እንዲህ ያለ ቅጥር ጨርሶ የለም ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ግን የትኛው ለወግ፣ የትኛው የምር እንደሆነ አመልካቹ በር ላይ ሆኖ ሊለይ አይችልም። ተስፋ ቆርጦ ሳይዘጋጅ የገባ ሰው የምሩም ያመልጠዋል።

ተረት፦ «ለተለመዱት ጥያቄዎች መልስ ሸምድዶ መግባት ነው።»

እውነታ፦ የተሸመደደ መልስ «እስቲ ምሳሌ ስጠን» ሲባል ያልቃል። «ታታሪ ነኝ፣ ጫና እችላለሁ» የሚለውንማ ጠያቂዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰሙት ነው የዋሉት። ዝግጅት የሚጀመረው ከማስታወቂያው ነው። ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ የወጣ ማስታወቂያ ፒችትሪ መቻልንና የባንክ ሒሳብ ማመሳከርን ቢጠይቅ፣ «እችላለሁ» ብቻውን አያሳምንም። እንዲህ ያለው ያሳምናል፦ «ለአፓረንትሽፕ በወጣሁበት ድርጅት የወሩ የባንክ መግለጫ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም አለ። ቼኮቹን አንድ በአንድ ሳመሳክር አንዱ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ ለኃላፊዬ አሳይቼ ተስተካከለ።»

አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በግራ የማስታወቂያውን መስፈርቶች፣ በቀኝ ለእያንዳንዳቸው ከራስ ሕይወት አንድ እውነተኛ ገጠመኝ መጻፍ ነው፦ ምን ነበር፣ ምን ሠራሁ፣ ምን ውጤት መጣ። የሥራ ልምድ የሌለው ተመራቂም ከመመረቂያ ጽሑፉ ወይም የቤተሰቡን ሱቅ ሲያግዝ ካጋጠመው የሚጽፈው አያጣም። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረው መስመር የትኛው እንደሆነ ሲታይ፣ በቀሩት ቀናት ምን ማንበብ እንደሚያስፈልግም አብሮ ይታወቃል።

ተረት፦ «93 በመቶው የሰውነት ቋንቋ ነው፤ የምትለው ነገር ቁም ነገር የለውም።»

እውነታ፦ ቁጥሩ የመጣው አልበርት መህራቢያን የተባለ የሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሠርቶ በ1967 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። የተፈተነው ነጠላ ቃላት በተለያየ ቃናና የፊት ገጽታ ሲቀርቡ ሰሚው የተናጋሪውን ስሜት ከምን እንደሚረዳ ነበር። 7 በመቶ ከቃሉ፣ 38 በመቶ ከድምፁ ቃና፣ 55 በመቶ ከፊቱ የሚለው ስሌት የወጣው ከዚያ ነው። ስሌቱ ስሜትን ከመግለጽ ውጭ ላለ ንግግር እንደማይሠራ ራሱ መህራቢያን አስረድቷል። ንጹሕ ልብስና ቀና ብሎ መቀመጥ ይጠቅማሉ፤ የቫት ስሌት ለተጠየቀ ሰው ግን ፈገግታ መልስ አይሆነውም።

ተረት፦ «ደመወዝ ማንሳት ነውር ነው፤ ‹እናንተ እንዳላችሁ› ማለት ያስመሰግናል።»

እውነታ፦ ማስታወቂያው «ደመወዝ፦ በስምምነት» ካለ ስንት እንደሚፈልጉ መጠየቅዎ አይቀርም። ቁጥር ይዞ መግባት ያስፈልጋል፤ የተጣራና ያልተጣራውን ለይቶ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ15,000 ብር ደመወዝ ላይ 3,200 ብር ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨመር ሌላ 1,050 ብር ይሄዳል። እጅ የሚገባው 10,750 ብር ነው። «15 ሺህ» ሲል እጁ የሚገባውን ያሰበ ሰው የመጀመሪያ ወር ደመወዙን ሲቀበል ይደነግጣል።

የሙከራ ጊዜውንም መጠየቅ ያባት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። ፈርሞ ከመከራከር እዚያው ወንበር ላይ በትሕትና መጠየቅ ይሻላል።