ገንዘቡ ከመላኩ በፊት፦ ለቤተሰብ ስለሚገዛ ያገለገለ መኪና



በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ከምንሰማቸው እቅዶች አንዱ «ለወንድሜ መኪና ልግዛለትና ሠርቶ ራሱን ይቻል፤ እኔም ወደ ሀገሬ ስመለስ ባዶ እጄን አልገባም» የሚለው ነው። እቅዱ መልካም ነው። በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ልጆቹን ያሳደገ፣ እናት አባቱን የጦረ ብዙ ሰው አለ። ይሁን እንጂ በዚሁ ምክንያት የሰው ቤት ስታጥብና ስትተኩስ የኖረች እህት የዓመታት ድካሟን በአንድ ቀን ስታጣ አይተናል። ስለዚህ በዚህ እትማችን ያገለገለ መኪና ከነጋዴ ወይም በደላላ በኩል ሲገዛ ስለሚያጋጥመው ችግርና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ገንዘቡ እዚህ፣ መኪናው እዚያ መሆኑ ነው። የምትከፍለው እህት መኪናውን አታይም። የሚያየው ወንድም ደግሞ ስለ መኪና ብዙ ላያውቅ ይችላል፤ ቶሎ መሪ ለመጨበጥም ይቸኩላል። በመካከል የቆመው ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ነው። ታዲያ «ቆይ፣ ይጣራ» የሚል ማን አለ?

ገበያውም ለገዢ አይመችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ የበለጠ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚህ የተነሣ ለሽያጭ ከሚቀርቡት የቤንዚን መኪኖች ብዙዎቹ በሀገር ውስጥ ለዓመታት የተነዱ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ ናቸው። የመኪና ዕድሜ ብቻውን ነውር አይደለም። የሚጎዳው የተደበቀ ሕመሙ ነው።

አንዲት እህታችን የደረሰባት

ከመካከላችን አንዲት እህት ሰባት ዓመት በአንድ ቤት አገልግላ ያጠራቀመችውን ለወንድሟ መኪና አዋለችው። ደላላው መኪናዋን አጥቦና አሳምሮ በስልክ ቪዲዮ አሳያት። «እስከ ማታ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለ» ሲላት የቀረውን ገንዘብ በዚያው ቀን ላከች። መኪናዋ ሁለት ወር ከሠራች በኋላ ሰማያዊ ጭስ ታወጣ ጀመር። ጋራዥ ስትገባ ሞተሯ ያለቀ መሆኑና ጭሱ እንዳይታይ ወፍራም ዘይት ተሞልቶባት እንደነበር ታወቀ።

ከዚህ የባሰው ስም ለማዛወር ሲሄዱ መጣ። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነበር። ያ ሰው መኪናዋን ለነጋዴው የሰጠው በውክልና ብቻ ሲሆን፣ በመካከሉ ሞቷል። ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናው ይቋረጣልና ጉዳዩ ከወራሾች ጋር ሆነ። ወንድሟ ለወራት ስልክ አላነሣላትም። አጭበርብሯት አልነበረም፤ አፍሮ ነው። መኪናውም፣ ገንዘቡም፣ የወንድምና የእህት ፍቅርም አብረው ተጎዱ።

መጀመሪያ መካኒኩ ይየው

«የሐኪም መኪና ነች»፣ «ሞተሯ አልተፈታም» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም። ቤተሰባችሁ የሚያምነውን መካኒክ ራሳችሁ ከፍላችሁ ላኩ። ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የደላላው ወዳጅ ነው። መካኒኩም የሚከተሉትን እንዲያይ ንገሩት።

1. ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ጠዋት ይነሣ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ጥርጣሬ ይግባችሁ፤ የደከመ ሞተር ችግሩ የሚታየው ሲቀዘቅዝ ነውና። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ያመለክታል።

2. ቀለሙ ይመርመር። ከግጭት በኋላ የተጠገነ ላሜራ በስቱኮ ተሞልቶ ይቀባል። ማግኔት በስቱኮው ላይ በደንብ አይይዝም።

3. ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉ ካለቀ፣ መቀመጫውና መሪው ከተላጠ፣ ቁጥሩን አትመኑ።

4. መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መሆኑ ይጣራ። ከጃፓን የመጡ አንዳንድ መኪኖች መሪያቸው በመንገድ ላይ፣ በዱባይና በሻርጃ ሳይቀር ተቀይሮ ነው ወደ ሀገር የገቡት። ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ ለሕይወት ያሰጋል።

5. ዳገትና ቁልቁለት ላይ ይነዳ። ካምቢዮውና ፍሬኑ የሚፈተኑት በዚያ ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ

መኪናው ደኅና ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ካልጠራ የእናንተ አይሆንም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሻጩ ራሱ ባለ ሊብሬው ነው ወይስ ወኪል? ወኪል ከሆነ ባለቤቱ በሕይወት መኖሩና ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን መስጠቱ ይረጋገጥ። መኪናው በባንክ ዋስትና አለመያዙን፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል እንደ ልብ የሚሸጥ አይደለም። የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መኖሩም ይታይ።

አንድ ነገር በተለይ እናሳስባችኋለን። ሻጩ «ታክስ እንዲቀንስ በውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ» ቢላችሁ እምቢ በሉ። አንደኛ ሐሰት ነው። ሁለተኛ፣ ክርክር ቢነሣ በእጃችሁ የሚኖረው የተጻፈው ትንሹ ዋጋ ነው፤ የቀረውን መክፈላችሁን በምን ታስረዳላችሁ?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ችግር ከታየ «ይሻለው ይሆናል» እያሉ ወራት ማሳለፍ መብትን ያሳጣል። በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም ያዙ።

መኪናው በማን ስም ይሁን?

ይህን መጠየቅ ወንድምን አለማመን አይደለም። በምትኖሩበት ሀገር ባለው ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላችን ውክልና ሰጥታችሁ መኪናውን በስማችሁ ማስገዛት ይቻላል። ውክልናው አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል።

ፓስፖርታችሁ በአሠሪ እጅ ሆኖ፣ ወይም ከቤት መውጣት ተከልክላችሁ ይህ ካልተቻለ፣ መኪናው በወንድም ስም ቢገዛም ገንዘቡ ብድር ወይም የጋራ መዋጮ መሆኑን እርሱ በጽሑፍ ይፈርም። በሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ብቻ አይረጋገጥም፤ ጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት የሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ያስፈልገዋል። «እናታችን ታውቃለች» ማለት በፍርድ ቤት አይበቃም። የላካችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አንድም ሳትጥሉ አስቀምጡ። ወንድማችሁ ለሥራው የሚሆን መንጃ ፈቃድ ያለው መሆኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገንዘቡ በመጨረሻ ይሁን

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መካኒኩ ይመስክር፣ ወረቀቱ ይጣራ፣ ውሉ በውልና ማስረጃ ይፈረም፣ ዋናው ገንዘብም ያን ጊዜ በባንክ ይከፈል። ቀብድ ግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን፤ መኪናው ጉድለት ቢገኝበት ተመላሽ እንደሚሆንም ይጻፍ። «እስከ ማታ» የሚል ደላላ ሲገጥማችሁ ይለፋችሁ። መኪና ሌላ ይገኛል፤ የሰባት ዓመት ጉልበት ግን አይገኝም።

ያላችሁንም ሁሉ ለመኪናው ዋጋ አታውጡ። ለጎማ፣ ለባትሪ፣ ለስም ማዛወሪያ፣ ለኢንሹራንስና ለመጀመሪያው ጥገና የሚሆን ይቀመጥ። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው በተናገረው ምሳሌ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪን መቁጠር እንደሚገባ አስተምሮናል። ወጪን መቁጠር እምነት ማነስ አይደለም፤ እግዚአብሔር የሰጠውን በአግባቡ መያዝ ነው።

እህቶቻችን፣ «አይሆንም፣ ገና አልተጣራም» ማለት ከሩቅ ሆኖ ይከብዳል፤ ጨካኝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ነገር ግን ዛሬ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነገ ወንድምን ከኀፍረት፣ እናንተንም ከኀዘን ያድናል። የውል ወረቀት ወይም ደብዳቤ ደርሷችሁ ያልገባችሁ ነገር ካለ እሑድ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ በሰላም ለሀገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።