የበረራ ትምህርት ቤት ከመምረጣችን በፊት ምን እንጠይቅ?

በሐዋሳ ባህል አዳራሽ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ የታደመ ወላጅ መልኩን ያውቀዋል። ጋዋን የለበሱ ልጆች ይሰለፋሉ፣ ኮሌጁ ዲፕሎማ ይሰጣል፣ ቤተሰብ ፎቶ ይነሳል፣ ትምህርቱ አለቀ ይባላል። የአብራሪነት ሥልጠና ግን እንዲህ አያልቅም። ትምህርት ቤቱ ያሠለጥናል እንጂ የአብራሪነት ፈቃድ አይሰጥም። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የአብራሪዎች ማሠልጠኛውን ወደ ሐዋሳ ካመጣ ወዲህ የከተማዋ ወጣቶች ስለ በረራ ትምህርት መጠየቃቸው አይገርምም። በአዲስ አበባ ደግሞ እንደ አቢሲኒያ ፍላይት ሰርቪስስ ያለ የግል ድርጅት በትናንሽ አውሮፕላኖች ሲያሠለጥን ቆይቷል። ችግሩ «አቪዬሽን» የሚለው ስም ሰፊ መሆኑ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙ ተቋማት የሚያስተምሩት የበረራ መስተንግዶ፣ የቲኬት ሽያጭና የካርጎ ሥራ ነው። ሙያዎቹ የተከበሩ ናቸው፤ ልጁን አብራሪ ያደርጉታል ብሎ መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለሥልጣኑ በየትኛው የአብራሪ ፈቃድ እንድታሠለጥኑ አጽድቆላችኋል?» የሚል ይሁን። መልሱን ከትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ከባለሥልጣኑም ማረጋገጥ ይገባል።

ፈቃዱም አንድ ዓይነት አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ፣ ለግል አብራሪ ፈቃድ ዕድሜ ቢያንስ 17 ዓመት፣ በረራ ቢያንስ 40 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በጸደቀ ሥልጠና ላይ ላለ ደግሞ 35 ሰዓት። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱን ተማሪው ብቻውን ይበራል። ይህ ፈቃድ ደመወዝ አያስገኝም። ለመቀጠር የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱም 18 ዓመት የሞላውና 200 ሰዓት፣ በጸደቀ ትምህርት ቤት ከሆነ 150 ሰዓት የበረረ ሰው ይጠይቃል። ስንት ሰዓት እንደሚሸጥላችሁ ሳታውቁ ስለ ዋጋ መነጋገር ትርጉም የለውም።

ደግሞም እነዚህ ትንሹ መጠን ናቸው። በአሜሪካ ሕጉ ለግል ፈቃድ 40 ሰዓት ቢልም አብዛኛው ተማሪ የሚጨርሰው ከ60 እስከ 75 ሰዓት በርሮ ነው። በዝቅተኛው ሰዓት የተሰላ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ። ተጨማሪ ሰዓት በስንት ይከፈላል? ነዳጁ፣ የፈተናው ክፍያ፣ የማረፊያው ክፍያ ውስጡ አለ? አውሮፕላኑ ሲበላሽ የተማሪው ጊዜና ገንዘብ ምን ይሆናል? እነዚህ በጽሑፍ ካልሰፈሩ፣ በሸሪዓችን ገረር የምንለው የውል ብዥታ እዚህ ላይ አለ።

ብድር ለሚያስብ ቤተሰብ አንድ ነገር እንጨምር። ሙራበሐ የዕቃ ሽያጭ ውል ስለሆነ ለሥልጠና ክፍያ በቀጥታ አይገጥምም። ዘምዘምና ሂጅራን ወደመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች የሚሄድ ሰው ለትምህርት አገልግሎት የሚሆን ውል እንዳላቸው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከክፍያ በፊት ግን የሕክምና ምርመራ ይቅደም። ለግል ፈቃድ ሁለተኛ ደረጃ፣ ለንግድ ፈቃድ አንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ቀለም የመለየት ችግር ያለበት ልጅ ይህን ካወቀ በኋላ ሌላ ሙያ መምረጥ ይችላል፤ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ሲያውቀው ግን ኪሳራው ከባድ ነው።

ወደ አውሮፕላኖቹ እንምጣ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር፣ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ተራ ሴስና 172 ሐዋሳ ላይ ከ15 በመቶ በላይ፣ ቦሌ ላይ ከ20 በመቶ በላይ ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚነሳው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጨመርበት የመንደርደሪያው ርቀት ይረዝማል፣ ወደ ላይ መውጣቱም ይዘገያል። ይህ ለተማሪ መጥፎ አይደለም፤ በደጋ አገር የተማረ ሰው ክብደትና ሙቀት ማስላት ይለምዳል። መምህሩ ግን ይህን በየበረራው የሚያሰላ መሆን አለበት። ሐዋሳ ላይ ደግሞ የሐይቁ አባ ኮዳዎች አሉ፤ ስለ ወፍ አደጋ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ።

ነዳጁም ልዩነት አለው። ሴስና 172 በአብዛኛው የሚጠቀመው አቭጋስ የተባለውን ቤንዚን ሲሆን ይህ ለብቻው መቅረብ አለበት። እንደ ዳይመንድ ዲኤ-40 ኤንጂ ያሉት ግን ባለ ቱርቦ ናቸው፣ የትልልቆቹን አውሮፕላኖች የጄት ነዳጅም ይጠቀማሉ። ነዳጅ ሲጠፋ አውሮፕላኖቹ ይቆማሉ፣ የስድስት ወሩ ትምህርት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ባለፈው ወር ስንት አውሮፕላን በርሯል፣ ለስንት ተማሪ የሚለው ጥያቄ ከብሮሹሩ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ረመዷንን በተመለከተ፣ ፆም ላይ ያለ ተማሪ ውሃ ማጣቱ ትኩረቱን ሊቀንስበት ስለሚችል ጉዳዩን ለመምህሩ ደብቆ መብረር የለበትም። በረራውን ወደ ጠዋት የሚያዛውር ወይም ለዚያ ወር የክፍል ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት እንዳለ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብም አለ። ናይሮቢ የሚገኘው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በበረራ ትምህርት ቤቶቹ ይታወቃል፤ ከፍታውም ከሐዋሳ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከውጭ የመጣ ፈቃድ ግን እዚህ ከመሥራቱ በፊት በባለሥልጣናችን ዘንድ እውቅና ማግኘት ስላለበት፣ ምን ማሟላት እንደሚያስፈልግ ቪዛ ከመጠየቅ በፊት ሄዶ ማጣራት ይሻላል። የትም ይሁን የት፣ ሙሉውን ክፍያ በአንድ ጊዜ ካልከፈላችሁ የሚል ቦታ ላይ ቆም በሉ። በበረሩት ሰዓት ልክ በየደረጃው መክፈል፣ ትምህርቱ ሲቋረጥም የቀረው ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ ውሉ ላይ ማስጻፍ የሠልጣኙ መብት ነው።