አንድ መስለው አንድ ስላልሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት

ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ወላጆች ለውጭ አገር ሰው ደብዳቤ ሲልኩ የሚያስጽፉት በነዚሁ በልጆቻቸው እጅ ነው። እኛም ባንድ ወቅት በቤታችን ሕመም ገብቶ ነበርና፥ ሴት ልጃችን የሦስት ቀን ፈቃድ ታገኝ ዘንድ ለእንግሊዛዊት አስተማሪዋ በታላቅ ወንድሟ እጅ አስጻፍን። ልጁ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «መጠየቅ» ለሚለው «ዲማንድ» የሚል አገኘና ጻፈው፤ እኛም ፈረምንበት። ፈቃዱ ተሰጠ፤ በመልሱ ላይ ግን አንዲት የሰላምታ ቃል አልነበረችም። ቋንቋውን የሚያውቁ አንድ ወዳጃችን ግልባጩን ባነበቡ ጊዜ፥ «እናንተ የለመናችሁ ይመስላችኋል፤ ደብዳቤው ግን ያዛል» አሉን። ከዚያው ሥር የወጣው የፈረንሳይኛ ቃል እንዲያው መጠየቅ ማለት ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ ግን እንደ መብት ቆጥሮ ግድ ማለት ነው። በትሕትና ለመጠየቅ «ሪክዌስት» ይባላል።

የዚህ ሁሉ ቃል ብዛት ምክንያት አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ፥ መኳንንቱ ለብዙ ዘመን ፈረንሳይኛ ሲናገሩ ባላገሩ በእንግሊዝኛው ጸና። በፍርድ ቤት ክርክሩ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ የወጣው በ1362 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ባላገሩ የሚያግደው ላም «ካው»፥ በግም «ሺፕ» ሲባል፥ በጌታ ማዕድ የሚቀርበው ሥጋቸው ከፈረንሳይኛ በመጣ ቃል «ቢፍ» እና «መተን» ተባለ። ሊቃውንቱም ከላቲን ጨመሩበት። «አስክ» ልጅ እናቱን የሚጠይቅበት ነው፤ «ክዌስችን» ጥርጣሬ አለበት፤ «ኢንተሮጌት» ግን ተከሳሽ የሚመረመርበት ነው። ከግዕዝ የተወሰደ ቃል በዐማርኛችን ላይ ክብደት እንደሚጨምር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሙገሳና ስድብ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። «ስሊም»ም «ስኪኒ»ም ቀጭን ማለት ናቸው፤ ነገር ግን እመቤቲቱን በፊተኛው ብንጠራት ሸንቃጣ አልናት፥ በኋለኛው ብንጠራት ከሲታ አደረግናት። በእንግድነት የተቀበለንን ጌታ «ፌመስ» ብንለው ስመ ጥር ነው፤ «ኖቶሪየስ» ብንለው ግን በክፉ ሥራው የታወቀ ማለት ስለሆነ፥ ዳግመኛ ባይጠራን አይፈረድበትም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ልማድ ብቻ ነው፤ እኛ ሰውንም ተራራንም መንገድንም ረጅም ስንል፥ እነርሱ ሰውን «ቶል»፥ ተራራን «ሃይ»፥ መንገድን «ሎንግ» ይላሉ።

ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፥ ዕድሜው ከ70 ካለፈ በኋላ፥ ተመሳሳይ ቃላትን በየአሳባቸው ሰብስቦ በ1852 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። ነገር ግን መጽሐፉ ቃላቱን ይደረድራል እንጂ ልዩነታቸውን አያስረዳምና፥ ለሚያውቅ ማስታወሻ እንጂ ለጀማሪ መምህር አይሆንም። እኛ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ የሚፈታ፥ ለየቃሉም ምሳሌ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ገዛን። ልጁም አዲስ ቃል ሲያገኝ ብቻውን ሳይሆን ከነዐረፍተ ነገሩ በደብተሩ ይጽፍ ጀመር።

ለአስተማሪዋ የይቅርታ ደብዳቤ ለመጻፍ በተቀመጥንበት ምሽትም ሁለት ቃል ቀረበልን። «ሪግሬት» በሆነው ነገር ማዘናችንን ይናገራል፥ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ግን አይገልጥም፤ «አፖሎጃይዝ» ጥፋቱ የኛ ነው ይላል። ልጁ ፊተኛው ለአባት ክብር ይሻላል አለ። እኛ ኋለኛውን አስጻፍነው። በሳምንቱ አስተማሪዋ የመለሱልን ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር፤ የሚበዛውም የታመመው ሰው እንዴት እንደ ሰነበተ የሚጠይቅ ነው።