«ሻጋታ»፣ «መርዝ»፣ «ማርከስ»፦ ስለ እህል ሕዋስ መከላከያ የስያሜ ማብራሪያ

በጅጅጋ ሜዳ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ ዙሪያ ማሽላና በቆሎ ይዘራል። እህልን በጉድጓድ ማኖርም በአካባቢው ነባር ልማድ ነው፤ ሶማሊኛ ጉድጓዱን «በካር» ይለዋል። ጉድጓዱ እርጥበት ሲያስገባ እህሉ ይሻግታል፤ ባለቤቱም የሻገተውን ጠርጎ ቀሪውን ለምግብ ያውለዋል። እኛ ፈንገሱንም መርዙንም በአንድነት «ሻጋታ» ብለን ስንጽፍ ይህን ልማድ ሳናስበው እናጸድቃለን።

ሻጋታ የሚታይ አካል ነው፤ የሻጋታ መርዝ ግን ያ አካል የሚያመነጨው የማይታይ ውሁድ ነው። አፍላቶክሲን ስሙን ያገኘው አስፐርጂለስ ፍላቩስ ከተባለው ፈንገስ ሲሆን፣ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ዶሮ መሰል አእዋፍ ካለቁ በኋላ ነው። ሻጋታው ቢጠረግ፣ እህሉም ቢቀቀል፣ መርዙ በአብዛኛው ይቀራል፤ ጉበትንም ለካንሰር ይዳርጋል። የሻገተውን ለላም መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ ከመርዙ ከፊሉ በወተት ይወጣልና።

የእህሉ ተክል በበኩሉ ራሱን ይከላከላል። ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ ዲኦክሲኒቫሌኖል የሚባለውን መርዝ ሲረጭበት፣ የስንዴና የበቆሎ ሕዋስ በመርዙ ላይ የግሉኮስ ስኳር ለጥፎ ጉዳቱን ያበርዳል። ካድሚየምን የመሰለ ጎጂ ብረት አስተኔ ከአፈር ሲገባበትም፣ ድኝ ባላቸው አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች አስሮ በውስጡ ወዳለው የማጠራቀሚያ ከረጢት ያገልለዋል።

ይህን ሂደት «መርዝ ማርከስ» ብሎ መተርጎም ይቀላል። ሆኖም በአማርኛ ማርከሻ የምንለው የመርዝን ኃይል የሚሽር ነገር ነው። ሕዋሱ ግን መርዙን አሰረው እንጂ አላጠፋውም። የተለጠፈው ስኳር በሰው አንጀት ባሉ ተሐዋስያን ሲላቀቅ መርዙ ይመለሳል፤ ካድሚየሙም ከፍሬው ጋር ወደ ማእድ ሊደርስ ይችላል። ለተክሉ መዳኛ የሆነው ለበላተኛው መዳኛ አይሆንም።

ስለዚህ ፈንገሱ የሚያመነጨውን ውሁድ «የሻጋታ መርዝ»፣ ስኳር የተለጠፈበትን «ሽፍን መርዝ»፣ የሕዋሱን ተግባር ደግሞ «ማግለል» ብንል ይሻላል እንላለን። «ማርከስ» የሚለው ቃል መርዙ በእርግጥ ተሰባብሮ ኃይሉን ላጣበት ጊዜ ብቻ ይጠበቅ። የሶማሊኛ አቻዎቻቸውም በጉድጓዱ ከሚጠቀሙት ሰዎች ጋር ተመክሮባቸው ሊወሰኑ ይገባል፤ ማስጠንቀቂያው በመጀመሪያ የሚደርሰው ለእነርሱ ነውና።