ተጨማሪ መረጃ፦ የዓሣን አጽም ማቆየት
የማንኪራ የቡና ደን ያለባት ከፋ ዝናባማ ናት፤ ለቡናው የሚስማማው እርጥበት አጽምን ያሻግታል። ስለዚህ ከጎጀብ ወንዝ የተጠመደን ዓሣ አጽም ለእይታ የሚያዘጋጅ ተማሪ ስለ ማድረቂያው ቦታ አስቀድሞ ያስብ። ሥጋውን ለማላቀቅ ዓሣውን አብዝቶ መቀቀል አይገባም። የራስ ቅሉ ከብዙ ትናንሽ አጥንቶች የተገጣጠመ በመሆኑ ማያያዣው ሲላላ ይበታተናል፤ መልሶ መግጠሙ እጅግ አድካሚ ነው። በሙዚየሞች ሥጋውን ቀስ በቀስ በልተው የሚያጸዱት የጥንዚዛ እጮች ናቸው፤ ድንቅ ዘዴ ነው! ለማንጣት በረኪና አይሆንም፣ አጥንቱን ይበላዋል፤ በመምህር ክትትል የቀጠነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሻላል። ሙሉ ዓሣ ግን በፎርማሊን ተነክሮ ከቆየ በኋላ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ስትሄዱ አራት ኪሎ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎብኙ።